የጎደለው ምንድን ነው?

ከጠዋቱ ሁለት ተኩል፣ በነሱ ስምንት ተኩል ሰዓት፣
አፉላ፣ ከትምህርት ቤቱ ሥር፣ ቀዝቃዛ ምድር ቤት፣
ሚቅላት ይሉታል፣ መጠለያ፣ መስኮት የሌለበት፤
ሮኬት ካልመጣ በቀር ማንም አይገባበት፣
ስለዚህ ለኔ ሰጡኝ፣ ልጅ እንድመዝንበት።

ሁለት ወንበር አለ፣ የአንዱ እግር አጭር፣
ጥግ ላይ የስፖርት ፍራሽ፣ የተነፈሰ ኳስ፣
ጠረጴዛው ላይ ሻንጣዬ፦
ኩቦች፣ ካርዶች፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት።

ኤልያቭ ተገኘ ገባ። ስምንት ዓመት ከአራት ወር።
የመምህርቷ ደብዳቤ "የሰው ዓይን አያይም" ይላል።
እሱ ግን ገና ከበሩ ጫማዬን አይቷል፤
"ክርሽ ተፈቷል" አለኝ።
"ቆይ፣ አስረዋለሁ" አልኩትና ካርዱን አወጣሁ።

የቤት ሥዕል ነው።
"እየው እስቲ፣ ኤልያቭ፣ የጎደለው ምንድን ነው?"
ብዙ አሰበ። ጣቱን በግድግዳው ዙሪያ አዞረው።
"ሚቅላት የለውም። ሳይረን ሲጮህ የት ይገባሉ?"
የመልሱ መጽሐፍ የሚፈልገው ጭስ ማውጫ ነው።
አፉላ ላይ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ማን አየ?
ዜሮ ጻፍኩ።
እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ልል ነበር፤
እኔው ነኝ።

"ድልድይና መሰላል በምን ይመሳሰላሉ?"
"ሁለቱንም አባቴ ይሠራል፣ ሐሙስ ነው የሚመጣ።"
ለናፍቆት የሚሆን ነጥብ ከመጽሐፉ ብፈልግ ታጣ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይላችሁ ነበር፣
ልጁ ብልህ፣ ወረቀቱ ጅል ሆኖ እንዲቀር።
ግን ንባብ ሰጠሁት።
ፊደሉ ሸሸው። "ቤት"ን "ካፍ" አለ፣ "ካፍ"ን ዘለለ፣
አንድ መስመር ላይ ላብ እስኪያጠምቀው ታገለ።
"ሦስት፣ ስምንት፣ አምስት፤ ወደ ኋላ በልልኝ"፤
አምስትን ይዞ ሌሎቹን እመንገድ ላይ ጣለ፣
ኪሱ እንደተቀደደ።
ከዚያ እንደ ሽማግሌ ጉልበቱን ይዞ ተነፈሰ፤
"ዛሬ ይብቃን" አለ።

እኔም ተመዝኛለሁ። ዘጠና ሁለት ላይ፣ ካራቫን ውስጥ፣
አስተርጓሚ በሌለበት፣ ከአንዲት መነጽራም ሴት ፊት።
ትልቅ ሰው ሳይጨርስ ልጅ አፉን አይከፍትም ተብዬ ያደግሁ ነኝ፤
እስክትጨርስ ብዬ ዝም አልኩ። አልጨረሰችም።
"መልስ የላትም" ብላ ጻፈች።
ሁለት ዓመት፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ዶቃ ስሰካ ኖርኩ፦
ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ።
እስከ ዛሬ ዶቃ አላጠልቅም።

ከብረት በሩ ውጭ ዘነቡ ቆማለች፣
የጽዳት ሽርጧን እንዳሠረች፣ አንድ ሰዓት አስፈቅዳ።
"እህቴ፣ አትደብቂኝ፤ ልጄ ጅል ነው ወይ?"
ቃል ፈለግሁ። በዕብራይስጥ "ሊኩት" ይሉታል፣
ከፀሐይ መጋረድ ጋር የአንድ ሥር ቃል ነው።
ግርዶሽ ልበላት? ግርዶሽ ያልፋል፤ ይሄ አብሮት ያድጋል።
"በሽታ አይደለም" አልኳት።
"እና ምንድን ነው?"
አይ ዘነቡ።

ልዩ ክፍል ብዬ ብጽፍ፣ የዶቃው በር ይከፈታል፤
ብተወው፣ ከሠላሳ ሁለት ልጅ መሃል ድምፅ ሳያሰማ ይሰምጣል፤
የትኛውንም ብሳሳት፣ ስሜ ከሥሩ ይቀመጣል።

"ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው" አልኳት።
"ሐሙስ አባቱ ይመጣል" አለች፣
ያ መልስ የሆነ ያህል ፊቷ ፈካ።

ማታ ሪፖርቱን ስጽፍ ዜሮዋን መለስ ብዬ አየኋት።
መሰረዝ ክልክል ነው፤ ከጎኗ በእርሳስ ጻፍኩባት፦
"ቤቱ በእውነት ሚቅላት የለውም።"
ማን ያነበዋል? እንጃ።
መብራት አጥፍቼ ልወጣ ስል፣ ደረጃው ላይ ተደናቀፍኩ፤
ጎንበስ ብዬ ባየው፣ የጫማዬ ክር
ቀኑን ሙሉ እንደተፈታ ነበር።